ሳይቀልጥ አንብብ

ዳላስ ትንሽ በረዶ ከነካት አራስ ትሆናለች፤ በር ዘግታ፣ ተከናንባ ትተኛለች። እኔ ልጅነቴን ሚኒሶታ ስላሳለፍኩ በዚህ ነገር ትንሽ ጉራ አለብኝ። በቅርቡ መንገዱ ሁሉ በረዶ ሆኖ ባደረበት ጠዋት፣ ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር የምንኖርበት አፓርትመንት ሰው በየመስኮቱ ተለጥፎ ሲያይ እኔ የሱፐርማርኬት ካርዴን ይዤ የመኪናዬን መስታወት በረዶ ልፍቅ ወረድኩ። ኤርፖርት የሚሠሩት ጎረቤቴ ጋሽ ግርማ ከበረንዳቸው ሆነው «ዳኒ! ኤርፖርቱ ራሱ በረራውን ካንሰል አድርጓል እኮ፣ አንተ ወዴት ነህ? በቃ ገብተህ ተኛ!» ይሉኛል።

እሺ አልኩ እንጂ አልገባሁም። መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ሞተሩን አስነሣሁና እስኪሞቅ መጠበቅ ጀመርኩ። የማሞቂያው ሽታ፣ ያ የተቃጠለ አቧራና የእርጥብ ምንጣፍ ሽታ ቀስ እያለ መጣ፤ ትንፋሼ መስታወቱን ከውስጥ በኩል አለበሰው፤ ጣቴም ሳላዘው ተነሥቶ «ሀ» ብሎ ጻፈ። ከሥር የሚመጣው ሙቀት የ«ሀ»ን ሆድ መብላት ሲጀምር ስንት ዘመን ያልሰማሁት ድምፅ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። «ሳይቀልጥ አንብብ!» የእታለም ድምፅ ነው።

የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ከአባቴ፣ ከእናቴና ከእህቴ ከሰላም ጋር የገባንባት የሚኒሶታ ከተማ ከተማ ለመባል ትንሽ ይቀራታል። አንድ የትራፊክ መብራት፣ ሁለት ቤተ ክርስቲያንና ተርኪ የሚሉትን ትልቁን የፈረንጅ ዶሮ የሚያርድ አንድ ፋብሪካ ነበራት፤ ብርዱ ደግሞ ሞተሩ እንዳይቀዘቅዝ መኪና እንደ ስልክ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ የሚያድርበት ብርድ ነው። ወላጆቼ ሁለቱም ፋብሪካው ውስጥ ቀን ቀን ይሠሩ ነበር፤ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ብቻዋን የምትኖረው እታለም ደግሞ ሌሊት ሌሊት። በገባን በማግስቱ እናቴን በስስ ሹራብ ደጅ ቆማ ስትንቀጠቀጥ አይታ፣ የራሷን ጃኬት አውልቃ ያለበሰቻት እሷ ናት። እናቴ ያን ዕለት እንደ ታላቅ እህት ቆጥራ «እታለም» አለቻት፣ እኛም ተከተልን። ፋብሪካ ውስጥ አሜሪካኖቹ «ዚ» ይሏታል። ከዚህ ሌላ ስም ይኖራት ይሆን ብሎ የጠየቀ ልጅ የለም፤ እታለም ለእኛ እታለም ነበረች።

ሳቋ ከፎቅ ላይ ሆና እኛ ቤት የሚሰማ፣ ወፍራም መነጽር ያላት፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ነበረች። በበዓል ቀን እናቴ ዶሮ ስታቀርብላት ሳህኑን በሁለት ጣቷ ገፋ ታደርግና «ሌሊቱን ሙሉ ከዘመዶቿ ጋር አድሬ ደግሞ እሷን ወጥ ውስጥ ላግኛት?» ትላለች፤ ፋሲካን በሽሮ የምትፈታ ክርስቲያን ከእሷ በቀር አላየሁም።

ከሥራ ስትመለስ እኔንና ሰላምን ትምህርት ቤት የምታደርሰን እሷ ናት። የዛገች መኪናዋ እስክትሞቅ ሦስታችንም ጃኬታችን ውስጥ ተጠቅልለን እንጠብቃለን፤ ከፋብሪካ ይዛው የምትመጣው የክሎሪንና የሳሙና ሽታ መኪናውን ይሞላዋል። ያኔ ጓንቷን በጥርሷ ስባ ታወልቅና ከውስጥ በኩል በረዶ የጋገረበት መስታወት ላይ በጥፍሯ አንድ ፊደል ትጽፋለች። ሙቀቱ ፊደሉን ከእግሩ ጀምሮ መብላት ሲጀምር «ሳይቀልጥ አንብብ!» ትላለች። ሳይነበብ የቀለጠ ፊደል ለዚያ ቀን ቀለጠ ነው፤ አትደግመውም። በረዶው ለቆ ሣሩ ብቅ ሲል ትምህርታችንም ይዘጋል፤ እኔ ታዲያ ፊደል ከብርድ የሚወለድ ነገር ይመስለኝ ስለነበር አዲስ አበባ ያሉት ልጆች ምን ላይ ይማሩ ይሆን እያልኩ አዝንላቸው ነበር።

ፊደሉን ከዳር ካደረስኩ በኋላ፣ በረዶ ጥጥ በጥጥ ሆኖ በሚወርድበት አንድ ጠዋት፣ «ዛሬ ቃል ነው» አለችና አራት ፊደል በተርታ ጻፈች። ከወትሮው ይልቅ ተጠንቅቃ፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ ነው የጻፈችው። እኔም እየተንተባተብኩ፣ «ዘ... ነ... በ... ች። ዘነበች!» ብዬ አነበብኩ። ከዚያ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ፤ እንደ ትልቅ ሰው ጉሮሮዬን ጠረግሁና አረምኳት። «እታለም፣ ይሄ እኮ በረዶ ነው፣ ዝናብ አይደለም። ደግሞ ዘነበች አይባልም፣ ዘነበ ነው የሚባለው።» እታለም አየችኝ፤ ከዚያ በሳቅ ፍርስ አለችና ግንባሯን መሪው ላይ ስትደፋ ጥሩምባው ጮኸ፣ ጎረቤት ሁሉ መጋረጃ ገለጠ። «እሺ የኔታ፣ ዘነበ ነው» አለች ዓይኗን እየጠረገች። ቃሉም ቀለጠ።

እኔም በተራዬ አስተማሪ የምሆንበት ቀን ነበረኝ። የከተማዋ ጋዜጣ በሳምንት አንድ ጊዜ ይመጣል፤ የመጨረሻው ገጽ የሞቱ ሰዎች ፎቶና የሕይወት ታሪክ ነው። እታለም እንግሊዝኛ ማንበብ ስለማይሆንላት ጋዜጣውን ጭኔ ላይ ትዘረጋና «እስቲ ዛሬ ማን አረፈ?» ትለኛለች፤ እኔም በዚያች አማርኛዬ እተረጉማለሁ። ሃሮልድ የሚባል ሽማግሌ አሳማ ያረባ ነበር፤ ሚስቱን ጭፈራ ቤት አገኛት፤ ቦውሊንግ በጣም ይወድ ነበር። እታለም ከንፈሯን ትመጥና «አይ ሃሮልድ! ቦውሊንግ ይወድ ነበር ለካ!» ትላለች፣ አብሮ አደጓ የሞተ ይመስል። ከዚያ በወፍራሙ ጃኬቷ ላይ ጥቁር ነጠላ ደርባ፣ በሕይወቱ አንድ ቀን እንኳ ሰላም ብላው የማታውቀውን ሰውዬ ልትቀብር ትሄዳለች። የቤተ ክርስቲያኑ አሮጊቶች መጀመሪያ ግራ ገብቷቸው ነበር፤ በኋላ ግን ወንበር ይይዙላት ጀመር። የሚሰጧትን የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች እንዳታስቀይማቸው በሶፍት ጠቅልላ ይዛ ትመጣና ለታችኛው ጎረቤት ውሻ ትሰጠዋለች፤ ያ ውሻ በከተማዋ ሐዘን ወፍሯል። እናቴ «ምን ይሁን ብለሽ ነው የማታውቂውን ሰው ሁሉ የምትቀብሪው?» ስትላት መልሷ አንድ ነው። «እዚህ አገር የወደድኩት ነገር ቢኖር ይሄ ነው። ሰው ታሪኩ ሳይነገርለት አፈር አይለብስም።»

አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ አባቴ አርሊንግተን ሥራ አገኘና ዕቃችንን ጭነን ወደ ቴክሳስ ወረድን። የተነሣነው በሙቀቱ ወራት ነው። እታለም መኪናው መስኮት ላይ ተደግፋ አባቴን «እዚያ መስታወት የሚሸፍን ብርድ አለ?» ብላ ጠየቀችው። «ኧረ የለም፣ አገሩ እሳት ነው» አላት። ወደ እኔ ዞራ ጉንጬን ቆነጠጠችኝ። «እንግዲህ ምን ላይ ልትጽፍ ነው?»

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ሁላችንም የምናውቀው ዓይነት ነው። በየእንቁጣጣሹ ትደውላለች፤ እናቴ «ና፣ እታለምን ሰላም በላት» ብላ ስልኩን ትዘረጋልኛለች፤ እኔ ዓይኔን ከቴሌቪዥኑ ሳልነቅል «ደህና ነኝ፣ እሺ፣ አሜን፣ አሜን» ብዬ እመልሰዋለሁ። ምርቃቷ ረጅም ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ አላስጨረስኳትም። ኮሌጅ ገባሁ፣ አባቴ አረፈ፣ እናቴ ሮውሌት ወዳለው የእህቴ የሰላም ቤት ገባች፤ በዚህ መሃል እናቴ ስልኳ ጠፍቶባት የእታለም ቁጥርም አብሮ ሄደ። ዘንድሮ እፈልጋታለሁ እያልኩ ስንት ዘንድሮ አለፈ።

በረዶው የያዘን ዕለት ግን ቤት እንደገባሁ ለእናቴ ደወልኩ። እታለም ትዝ አለችኝ፣ ልፈልጋት ነው፣ የሚያውቃት ሰው ስልክ አለሽ ወይ አልኳት።

«እኔማ ምን አለኝ! አንተ ኢንተርኔቱ ላይ ፈልጋት እንጂ። ዘነበች ብለህ ብትጽፍ አታጣትም።»

«ዘነበች ማን ናት?»

«ምን ማለትህ ነው? እታለም ናታ! እታለም ያልኳት እኔ፤ ስሟማ ዘነበች ነው።»

መጀመሪያ የመጣብኝ ያ መስታወት ነው። ስሟን ነበር የጻፈችልኝ። በዚያ ከተማ የገዛ ስሟን የሚያነብላት አንድ ሰው ለማግኘት ስንት ክረምት በጥፍሯ በረዶ ፍቃ፣ አስተምራኝ፣ አንብቤላት ሳበቃ፣ ስምሽ ስሕተት ነው አልኳት። እሷ ደግሞ ሳቀች፣ እሺ አለች።

ወዲያው ሌላ ነገር መጣብኝ። ለእናቴ «እሺ፣ እፈልጋታለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ በዳላስ የሐበሾች የፌስቡክ ገጽ ላይ፣ ሚኒሶታ የምትኖር አንዲት ነርስ ያወጣችውን ማስታወቂያ አይቼ ነበር። ፈልጌ ከፈትኩት። ፎቶው ላይ የሱፍ ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ ያወረደች፣ መነጽሯ ፊቷን የዋጠው የከሳች አሮጊት አለች። ጽሑፉ እንዲህ ይላል። «ዘነበች የምትባል እናታችን እዚህ አርፋለች። ዘመድ አላገኘንም። ዳላስ ልጆች አሉኝ ትል ነበር። ቅዳሜ ሳትቀበር የሕይወት ታሪኳን የሚነግረን፣ የሚያውቃት ሰው ካለ እባካችሁ።» ከሥሩ ብዙ ሰው ነፍስ ይማር ብሏል። ከመሃላቸው አንዱ እኔ ነኝ፤ የሁለት የተጋጠሙ እጆች ምልክትም ጨምሬበታለሁ። የት ሆኜ እንደጻፍኩት ሳይቀር ትዝ አለኝ፤ ነዳጅ እየቀዳሁ ነበር። «ነ» ስል ስልኩ ራሱ የቀረውን ሞላልኝ። እሷ ካስተማረችኝ ፊደል ሁሉ ለቀብሯ ያዋጣሁት አንዷን ነው፣ ሌላው የስልኩ ነው።

የዚያችን ከተማ ጋዜጣም ፈልጌ አገኘሁት። ዘነበች፣ ተወላጅነቷ ኢትዮጵያ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ የነበረች፣ አረፈች። ይኸው ነው፣ ከጎኗ ያሉት ሰዎች ሙሉ ዓምድ ይዘዋል። ለነርሷ ልጽፍላት ተቀመጥኩ፤ ዘግይቶም ቢሆን ታሪኳ ይውጣላት ብዬ። የት ተወለደች? አላውቅም። የአባቷስ ስም? ወልዳ ታውቃለች? እዚያ በረዶ መሃል ብቻዋን ምን አመጣት? ጠይቄያት አላውቅም። ሃሮልድ ቦውሊንግ ይወድ እንደነበር ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። አፈርኩ፤ ብቻዬን ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ሰው ፊት እንደተራቆተ ሰው አፈርኩ።

መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በረዶው እስኪለቅ ዋልን አደርን። መንገዱ ሲከፈት ጋሽ ግርማን ለምኜ፣ ለሰላም አስቀድሜ ነግሬ፣ ማለዳ ሮውሌት ሄድን። እናቴ በር ላይ ጋሽ ግርማን በጥቁር ኮት ስታያቸው ነገሩ ገባት፤ «ማን ነው? ንገሩኝ!» አለች፤ ጋሽ ግርማም እንደ ወጉ ቀስ አድርገው ነገሯት። እናቴ «እታለሜ! ጃኬቷን ያለበሰችኝ! ልጆቼን ያሳደገችልኝ!» እያለች ደረቷን መታች። እኛ እያባበልናት ለረጅም ጊዜ አለቀሰች።

ስትረጋጋ መጠየቅ ጀመረች። ማን ቀበራት? ያኔ ወንበር ይይዙላት የነበሩት የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች፣ ነርሷ ፌስቡኩ ላይ ጽፋለች አልኳት። ታሪኳን ማን አነበበላት? «ነፍስ ይማር ያላት ሰውስ አለ? እስቲ አንብብልኝ» አለች። ስልኬን አውጥቼ ስም በስም አነበብኩላት፤ እናቴም ለእያንዳንዱ ስም «ይባረክ፣ ትባረክ» ትላለች። የራሴ ስም ጋ ስደርስ ልዘለው ነበር። ከኋላዬ ቆማ የምታየው ሰላም ግን «ዳኒም ጽፏል» አለች።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ እንደገና ሞላ፤ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው። «አንተ ያኔውኑ ሰምተሃል? እኔ እንዳልደነግጥ ብለህ ይሄን ሁሉ ሳምንት ብቻህን አልቅሰህ ነው? ስሟን የጠየቅኸኝም፣ እኔ መሞቷን መስማት አለመስማቴን ልታይ ኖሯል! ወይኔ ልጄን! እታለም የዘራችው መች ጠፋ!» ግንባሬን ሳመችኝ። ጋሽ ግርማም «ትልቅ ሰው ማለት እንዲህ ነው» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

እታለምን በገዛ ስሟ አርሜያት ነበር። እናቴን ግን አላረምኳትም።