አባቴ ሞተር ያጠፋበት ቁልቁለት

ዳንግላ ውስጥ፣ ከምኖርበት ቤት ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ማደያዎቹ ነዳጅ በሚያጡበት ሰሞን ቤንዚን በላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው ለባጃጅ የሚሸጡ ሰዎች ይቆማሉ። ሽታው ገና ከሩቅ ይቀበለኛል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፤ እኔ ግን ጥርሴን ነክሼ፣ አንድ ሰው ከኋላዬ ሊጮህብኝ የተዘጋጀ ይመስል እርምጃዬን አፍጥኜ ነው የማልፈው። ያደግሁበት ቤት ሽታ ነው። በአባቴ እጅ ላይ፣ በእናቴ ፎጣ ላይ፣ በእኔና በእህቴ በዝናሽ የትምህርት ቤት ልብስ ላይ፣ ክረምት ከበጋ የማይለቅ የቤንዚን ሽታ ነበር።

ቤታችን ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ወደ ዘንገና በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። አባቴ ለብዙ ዓመት የአንድ የእርሻ ፕሮጀክት ሹፌር ሆኖ ሠርቶ፣ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ሲነዳት የኖረውን አሮጌ ጂፕ በጨረታ ገዝቶ ወደ ቤት አመጣት። ዕድሜዋ ከእሱ ዕድሜ ብዙም አያንስም ነበር። በሐምሌ ጭቃ ሌላው መኪና ሁሉ ሰምጦ ሲቆም እሷ አራቱንም ጎማዎቿን እያዞረች ትወጣ ነበር። በገበያ ቀን ወደ ግምጃ ቤትና ወደ አዘና ሰውና ድንች ትጭናለች፣ በሌላው ቀን ከሰል ታመላልሳለች፤ የምንበላውም የምንለብሰውም ከእሷ ነበር። ግን ቤንዚን ትበላ ነበር፤ ያውም ያለ ልክ።

ማደያ ላይ ሰልፉ ቀን ሙሉ የሚፈጅበት ጊዜ ነበር። አባቴ ተሰልፎ ውሎ ባዶ ጀሪካን ይዞ ሲመለስ እንዳናናግረው እናውቅ ነበር። አንድ ቀን እንዲህ ተመልሶ ከጓሮ ቀርከሃ ቆረጠ፣ ልጦ በቢላ መስመር መስመር ጫረበትና የቤንዚን መለኪያ ሠራ። ከዚያ በኋላ ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊትና በኋላ ቀርከሃውን የቤንዚን መያዣው፣ ሰልባትዮው ውስጥ ከትቶ አውጥቶ፣ እርጥበቱ የት ድረስ እንደደረሰ ይመለከት ነበር። ካሰበው በታች ወርዶ ካገኘው ያን ቀን ራቱን የሚበላው ግድግዳውን እያየ ነበር።

በመጀመሪያው ክረምት የመኪናዋን ክብደት መቀነስ ጀመረ። ጣሪያዋ ላይ ዕቃ የሚጫንበትን ፖርቶመጋላ ፈታ፣ የኋላ ወንበሮቹን ፈታ፣ መለዋወጫ ጎማውን አውርዶ ጎተራ ሥር ከተተው። ቀጥሎ ነፋስ ይይዛሉ ብሎ በሮቹንና የኋላውን ሸራ አነሳ። የእንጅባራን ክረምት የማያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላይገባው ይችላል፤ ጉሙ ከጧት እስከ ማታ ከሣሩ ላይ ሳይነሳ ይውላል፣ ዝናቡም ከላይ ብቻ ሳይሆን ከጎንም ነው የሚመጣው። በሰኔ ፈተና ሰሞን እኔና ዝናሽ የማዳበሪያ ከረጢት ደርበን፣ ደብተራችንን ሆዳችን ላይ ታቅፈን፣ ጥርሳችን እየተንገጫገጨ በእሷ ትምህርት ቤት እንሄድ ነበር።

«ሸራውን እንኳ ይመልሱት» አለችው እናቴ አንድ ጧት። «ልጆቹን ሳል ይዟቸዋል።»

«ሸራው ነፋስ ይይዛል። ነፋስ ደግሞ ቤንዚን ይበላል።»

«ልጆቹስ?»

«ልጆቹ ቤንዚን አይበሉም» ብሏት ወጣ።

እናቴ እንዳደገችበት ልማድ ባሏን አንቱ ትለው ነበር። ስትቆጣም፣ ስታኮርፍም፣ ከገበያ ድንቿ ሳይሸጥ ቀርቶባት ስትመለስም አንቱ ነበር። ቁጣዋን የምታወጣው ለእኛ፣ በአዊኛ ነበር፤ አባቴ ከሌላ አገር የመጣ ስለሆነ አዊኛ ጠንቅቆ አይሰማም። በዚያ ክረምት ምድጃ ሥር ቁጭ ብላ እሱ እየሰማ፣ ግን ሳይገባው፣ ከእሷ ይልቅ መኪናዋን አግብቶ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም እናርፍ ነበር እያለች ትነግረን ነበር። ዝናሽ ትስቅ ነበር። እኔ ፊቱን እያየሁ እፈራ ነበር።

መስከረም ሲጠባ ሌላው ቤት ለበዓል ሲዘገጃጅ አባቴ ካርቡራተሩን አውጥቶ ገበታ ላይ በተነው። እያንዳንዷን ቀጭን ቀዳዳ በሽቦ ጠረገ፣ ካንዴላዎቹን በአሸዋ ወረቀት ፈተገ፣ ፊልትሮውን ቀየረ። ለዚህ ሥራ የሚጠራው ዝናሽን ነበር። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ እጇ ቀልጣፋ፣ ዓይኗ ነገር የሚይዝ፣ ብሎን ከየት እንደወጣ የማይጠፋት። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፣ ፋኖስ መያዝም አያምነኝም። መንዳት እንዲያስተምራት ደጋግማ ጠየቀችው፣ እሱ ግን መልስ እንኳ አልሰጣትም። የሰጣት የእግር ፓምፑን ነበር። ጎማ ሲጠነክር መኪና ትቀላለች ይል ስለነበር በየገበያው ዋዜማ አራቱንም ጎማ እስኪደነድን ያስነፋት ነበር።

«ይበቃል አባባ፣ ድንጋይ ሆኗል» ትለዋለች እያለከለከች።

«ገና ነው። ጨምሪ።»

ይህን ደጃፍ ላይ ቆሜ ደጋግሜ ሰምቻለሁ።

ጥር ላይ ከመኪናዋ ሥር ተንፏቅቆ ሲወጣ ፊቱ ላይ ደስታ አየሁ። ነዳጁን የሚበላው ፍሬኑ ነው አለ፤ ሳይረገጥም ጎማውን ይዞ ነው የኖረው። አላላው። ከዚያ በክሪክ የተነሳውን ጎማ በአንድ ጣቱ ገፋና ሲዞር፣ ሲዞር፣ ሳይቆም ሲዞር እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ተመለከተው።

«ሲረገጥስ ይይዛል?» አለችው ዝናሽ።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

እውነቱን መሸሸግ አልፈልግም፣ ተሳክቶለት ነበር። ድሮ ግምጃ ቤት ደርሳ ስትመለስ የሚያልቀው ቤንዚን አሁን ሁለቴ ያደርሳት ነበር። ሌሎች ሹፌሮች እየመጡ ይጠይቁት ጀመር፤ እሱም ቀርከሃውን እያሳየ ሲያብራራ ፊቱ እኛ ቤት ውስጥ አይተነው የማናውቀው ፊት ይሆን ነበር። ይህም አልበቃውም። ቁልቁለት ሲደርስ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ማርሹን አውጥቶ ፎሌ አድርጎ መልቀቅ ጀመረ። መኪናዋ ድምፅዋን አጥፍታ በጠጠሩ ላይ ስትንሸራተት የሚሰማው የጎማው ሽው ሽው ብቻ ነበር።

ወደ አዘና የሚወርድ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ድልድይ ያለው ረጅም ቁልቁለት አለ። የካቲት ውስጥ በአንድ የገበያ ቀን አባቴ፣ ዝናሽና እኔ ከፊት፣ ከኋላ ደግሞ ድንቹና ጋሽ ይመር ነበሩ። ጋሽ ይመር ከወሎ በሰፈራ መጥተው ቆላ የሰፈሩ አረጋዊ ገበሬ ሲሆኑ፣ እንጅባራ የዘር ድንች ገዝተው የሚመለሱ ነበሩ። ሌላ ተሳፋሪ አልነበረም። ዳገቱን ጨርሰን ቁልቁለቱ እንደጀመረ አባቴ ቁልፉን አዞረና ሞተሩ ዝም አለ። ከጎኑ ስለነበርኩ እጁን አይቻለሁ።

«ልጄ፣ ማርሽ አስገባ» አሉ ጋሽ ይመር ከኋላ። «ይሄ ቁልቁለት አይታመንም።»

«እርስዎ ድንችዎን ይጠብቁ። መሪውን ለእኔ ይተዉት።»

ትንሽ ቆይተው ደገሙለት። አባቴ መኪናዋን እንዲሁ ለቀቃት። ከዚያ ፍሬን ረገጠ፤ እግሩ እስከ ወለሉ ወረደ። ደግሞ ረገጠ። ቁልፉን አዞረ፣ ማርሽ ሊያስገባ ታገለ፣ ብረቱ ተንጫጫ እንጂ አልገባለትም። ድልድዩ እየቀረበ መጣ። በመጨረሻ መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘና ከአፈሩ ግድግዳ ጋር ተላተምን፣ መኪናዋም በጎኗ ተኛች። እኔ የመሪውን ዘንግ አቅፌ ቀረሁ። ዝናሽ በጎኗ በር ስላልነበረ ወደ ውጭ ወደቀች፤ የመኪናዋ ጠርዝ እግሯ ላይ አረፈ።

ከአቧራው ውስጥ ስነሳ አባቴን ያየሁት ሰልባትዮው ጋ ተንበርክኮ በመዳፉ ሲዳብስ ነው። «እየፈሰሰ ነው» ይል ነበር፣ «እየፈሰሰ ነው።» እሳት እንዳይነሳ ፈርቶ ሊሆን እንደሚችል ዛሬ አስባለሁ። ያኔ ግን እህቴ ከመኪናዋ ሥር ስሜን እየጠራች ነበር፣ እሱ ለቤንዚኑ ነው የሄደው። ዛሬም ስለ እሳቱ ሙሉ በሙሉ አላምንም።

መንደርተኛው ተሯሩጦ መኪናዋን አነሳ። ዝናሽን ሆስፒታል አስገቧት፤ ጋሽ ይመር ክንዳቸው ተሰብሮ ነበር። እናቴ ከገበያ እየሮጠች መጥታ፣ ልጇን አይታ ወደ ቤት ስትመለስ አባቴ ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር። አልጮኸችም። ፊት ለፊቱ ቆማ «አንተ ነህ የሰበርካት» አለችው። አባቴ በጥፊ የተመታ ያህል ወደ ኋላ አለ። ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ አንቱ ብላው አታውቅም።

በዐቢይ ጾም መጨረሻ የጋሽ ይመር ዘመዶች ሽማግሌ ላኩ። ሦስት ሽማግሌዎች ግቢያችን ውስጥ ተቀመጡ፤ ጋሽ ይመር ክንዳቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ከአንድ ወገን፣ አባቴ ከሌላው ወገን። ጋሽ ይመር ሞተሩ ጠፍቶ ነበር አሉ። አባቴ ሞተሩ እየሠራ ነበር አለ።

«ታዲያ ፍሬኑ ለምን አልያዘልህም?» አሉት ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

«ጎማው ነው። ትልቋ ልጄ ሳላያት አብዝታ ነፍታው ጠጠሩ ላይ አንሸራተተን።»

እናቴ ከቤት ውስጥ ትሰማ ነበር፣ እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር። ዝናሽ ገና ሆስፒታል ተኝታለች። አንድ ሰው አጠፋ ይላል፣ አንድ ሰው አላጠፋሁም ይላል፣ ከዚያ ሌላ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሽማግሌው ዘወር ብለው ጠሩኝ።

«ነይ ልጄ። አትፍሪ። ሞተሩ ይሠራ ነበር ወይስ ጠፍቶ ነበር?»

አባቴ አላየኝም። መሬቱን ነበር የሚያየው።

«ጠፍቶ ነበር» አልኩ። «አባባ ነው ያጠፋው። ጎማውንም ጨምሪ ያላት እሱ ነው።»

ሁለተኛውን ማንም አልጠየቀኝም ነበር። ራሴ ነኝ የጨመርኩት፣ እንዲያመው ፈልጌ።

ሽማግሌዎቹ አባቴ ጋሽ ይመርን እንዲያሳክም፣ ክንዳቸው እስኪድን ድረስ ማሳቸውን በሰው እንዲያሳርስ፣ መኪናዋም ከእንግዲህ ሰው እንዳትጭን ወሰኑ። አባቴ ተቀበለ። ሲሸኛቸው በአጠገቤ አለፈ፣ ልብሱ ነካኝ፣ ቀና ብሎ ግን አላየኝም።

ግንቦት ላይ ዝናሽ በክራንች ወደ ቤት ገባች፤ አንዱ እግሯ ከሌላው አጥሮ ነው የዳነው። እንደምታመሰግነኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ሁለታችን ብቻችንን ስንሆን የተናገርኩትን ሁሉ፣ ቃል በቃል፣ እየኮራሁ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ማን ተናገሪ አለሽ?» አለችኝ።

«ጥፋቱን ባንቺ ሲያላክክ ዝም ልበል?»

«እግሬ እንደሆነ አይመለስ። ጎማውን አብዝቼ የነፋሁት እኔ ነኝ ተብሎ ቢታለፍ ኖሮ መኪናዋ ትሠራ ነበር። አሁን ምንድን ነው የምንበላው?»

በሚቀጥለው ክረምት መኪናዋ ያለ ተሳፋሪ ሂሳብ የቤንዚኗን እንኳ ስለማታወጣ ግቢው ውስጥ ቆማ ሣር በጎማዎቿ መካከል በቀለ፤ እናቴ ድንቿን በጋሪ ትልክ ጀመር። አባቴ የሰው መኪና ሲያገኝ እየነዳ፣ ሳያገኝ እየተኛ ከረመ። ስሜን መጥራት ትቶ ነበር። ጎኑ ተቀምጬ «ያቺ ልጅ ውሃ ታምጣ በያት» ይል ነበር ለእናቴ፣ እሷ ደግሞ «አፍ አለህ፣ ራስህ ንገራት» ትለዋለች፣ እሱም ተነስቶ ራሱ ይቀዳል። እንዲህ ሆነን ብዙ ክረምት አለፈ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አልፌ ስሄድ ሻንጣዬን አውቶቡሱ ድረስ ተሸክሞልኝ፣ ለረዳቱ «ይቺ ልጅ እንዳትቆም፣ ወንበር ስጣት» አለው።

እናቴ ዛሬ ከእኔ ጋር ዳንግላ ትኖራለች። አባቴ ከዝናሽ ጋር ነው። ዝናሽ እንጅባራ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አላት፤ መንዳትም ተምራለች፣ ሌላ ሰው ነው ያስተማራት። የአባቴ ዓይን ስለደከመ ሱቁ ውስጥ ወንበር አስቀምጣለት ቀኑን ሙሉ ይውልበታል። ገበያተኛ ሲመጣ የዕቃውን ስም እሷ ሳትናገር እሱ ይናገራል፣ ተሳስቶ ከሆነ ትስቅበታለች፣ እሱም ይስቃል። ምሳቸውን በአንድ ሰሃን ይበላሉ።

እኔ በየበዓሉ እሄዳለሁ። «ደህና ነሽ መምህርት?» ይለኛል፣ ለወረዳ ሰው ሰላምታ እንደሚሰጥ ሰው። «ደህና ነኝ አባባ» እላለሁ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ኔትወርኩ መጥፋት እንነጋገራለን፤ ከዚያ ያልቅብናል። ያኔ በዚያ ቤት የተጎዳችው ዝናሽ ነበረች፣ እኔ አካሌ ሙሉ ነበር፣ እውነቱም በእኔ ዘንድ ነበር። ዛሬ እሷ ከእሱ ጋር ተቀምጣ ትውላለች፣ እኔ ግን አንድ ሰዓት ሳይሞላ መኪና እንዳያመልጠኝ ብዬ ቦርሳዬን አነሳለሁ። ዝናሽ እስከ በሩ ትሸኘኛለች፣ አባቴም ከወንበሩ ሆኖ በደህና ግቢ ይለኛል። ወደ ዳንግላ የሚሄድ ሚኒባስ እስኪመሽ ድረስ እንደማይጠፋ ሦስታችንም እናውቃለን።