ፎጣው ስር ያለው ደላላ

ጨርቅ ነጋዴ ሰው አያምንም። እኔም አላምንም ነበር፤ ዛሬም አላምንም። የሻጩን ክንድ ከሜትሩ ጋር አስተያያለሁ፣ የገዢውን እጅ ከኪሱ እስኪወጣ እከታተላለሁ፣ ሚዛን ያለበት ሱቅ ስገባ ከባለቤቱ በፊት ሰላም የምለው ሚዛኑን ነው። ከሚሴ ላይ ሱቅ ስከፍትና ስዘጋ ስኖር በጨርቅ ያታለለኝ የለም። ያታለለኝ ሌላ ነው። ሳልጠረጥረው የኖርኩትም ራስ ቅሌ ውስጥ ተቀምጦ ስለነበር ነው።

ሰው እንዴት እንደሚያስብ የተማርኩት ከጨርቅ ነው። አንድ ለምንም የማይሆን ደብዛዛ ጣቃ አለኝ። አይሸጥም፤ ሥራው መዘርጋት ብቻ ነው። እሱን ከጎን ዘርግቼ መካከለኛውን ሳወርድ ገዢው ዓይኑ ይበራል። "ይሄስ ይለያል!" ይላል። ጨርቁ ትናንት የነበረው ነው፤ የተለየው ጎረቤቱ ነው። ዓይን ብቻዋን አትገዛም። ከኋላዋ ቆሞ "ይሄ ከዚያ ይሻላል፣ ይሄ ያንን ይመስላል" የሚላት አለ። ይሄንን እያወቅሁ ስንቱን ሸጥኩበት፤ የእኔም ዓይን በዚያው ገበያ የምትውል መሆኗ ግን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ ሰው ሲሄድ የራሱን ጥላ ዞር ብሎ በሚያይበት ዘመን። እሁድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ፣ የቀረውን ቀን ከሚሴ እውል ነበር። ግድግዳ የሚጋራኝ ጎረቤቴ የከብት ደላላ ነው። ሥራውን ላላየ ልንገር፦ ገዢና ሻጭ ሲቀርቡ ደላላው መሀል ይገባና እጃቸውን በትከሻ ፎጣው ይሸፍናል። ዋጋው በአፍ አይነገርም፤ ፎጣው ስር ጣት እየተጨበጠ ያልቃል። ዙሪያውን የቆመው ሰው የሚያየው ጨርቁ ሲንቀሳቀስ ነው። በመጨረሻ ሁለቱ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ፤ ደላላው ከሁለቱም ይበልጥ ደስ ብሎት ይቀራል።

"አንተ ጨርቁን ትሸጣለህ፣ እኔ ከጨርቁ ስር ያለውን" ይለኝ ነበር።

አንድ እሁድ ሰንበቴ ላይ የገበሬ ማኅበሩ በሬ ጠፋ። ቀይ ነው፤ አንድ ቀንዱ ተሰብሯል። የያዘው ሰው ሻይ ልጠጣ ብሎ ዞር ባለበት በሬው ሄደ። የግለሰብ በሬ ቢሆን ባለቤቱ አልቅሶ ዝም ይላል። የማኅበር በሬ ግን የመንግሥት ነው፣ የመንግሥት ደግሞ የአብዮቱ ነው፤ ስለዚህ የጠፋው በሬ ሳይሆን አብዮቱ ሆነ።

እኔ ያን ቀን ወደ ማምሻው ጣቃዬን እየጠቀለልኩ ነበር። ፀሐይዋ ከፊቴ ናት፤ የከብቱ አቧራ ተነስቷል። አንድ ራሱን በጨርቅ የተከናነበ ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ ቀይ በሬ እየመራ ወደ ቦርከና ወንዝ ቁልቁል ሲወርድ አየሁ። ሰው ነው፣ በሬ ነው፣ የከብት ገበያ ነው፤ ምኑ ይገርማል? ጠቅልዬ ጨረስኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ባቲ ወርጄ አንድ ቦንዳ ፎጣ ገዛሁ፤ ከዚያ በፊት ያልመጣ አዲስ ዓይነት ነው። ከሚሴ ላይ በገበያ ቀን ከመፍታቴ ሰው ተሻማበት። የመጀመሪያዋን የቀበሌው ሊቀመንበር ወሰደ። ጎረቤቴም አንዷን ራሱ ላይ ጠምጥሞ፣

"አሁን ገና ሰው መሰልኩ" አለ።

"ፎጣው ሰው መስሏል፤ ስላንተ እንጃ" አልኩት።

ከዚያ ወሬው መጣ። ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ ከወዲያ ጠረጴዛ አንዱ ጮክ ብሎ፣ "ማል ጄዱ? ምን ይላሉ ስለ በሬው?" ብሎ ጠየቀ።

"የመራው ደላላው ነው ይላሉ።"

"ማነው የሚለው?"

"ይላሉ ነዋ!"

በማግስቱ "ይላሉ" ቀርቶ "ታይቷል" ሆነ። ቀጥሎ ሻይ ቤቱ ውስጥ ያዩት ሰዎች ተገኙ፤ ሰንበቴ መሄዳቸውን የማላውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ። ዓርብ ከጁምዓ መልስ ጎረቤቴን አብዮት ጥበቃ መጥቶ ወሰደው።

በሰው ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ ግን እኔስ? እኔም ወሬውን ሳላምን እየሰማሁ፣ ሱቄ ተቀምጬ ያን የእሁዱን ሰው መለስ ብዬ አየው ነበር። ጀርባውን ያየሁት ሰው ቀስ በቀስ ፊቱን አዞረልኝ። ጎረቤቴ ነው። አረማመዱ የእሱ፣ ትከሻው የእሱ። አንድ ጊዜ ካወቅሁት በኋላ ያላወቅሁበትን ጊዜ ማስታወስ አልቻልኩም።

ሚስቱ ሱቄ መጣች። ቁጭ በይ ብላት እምቢ አለች።

"ወንድሜ፣ ያን እሁድ ሰንበቴ ነበርክ አይደል?"

"ነበርኩ።"

"ረቡዕ ሸንጎው ይቀመጣል። ጥፋተኛ ካሉት ደሴ ይልኩታል። ለአላህ ብለህ ያየኸውን ተናገርለት።"

"ያየሁትን?"

"ያየኸውን ብቻ። ጨምርልኝ አልልህም።"

ምን ልበላት? ያየሁት እሱኑ ነው። "ኢንሻአላህ" አልኳት፤ ከነጋዴ አፍ ስትሰማው ደስ አላላትም። ያኔ ደሴ የተላከ ሰው ከመመለሱ በፊት ልብሱ ይመለሳል ይባል ነበር። ብናገር ጎረቤቴን እቀብራለሁ፤ ዝም ብል ሌባ የደበቀ ነጋዴ እባላለሁ፤ ቀጥሎ የምትታሸገው የእኔ ሱቅ ናት። ከዚህም በላይ ሰውዬውን መጠርጠር ጀምሬ ነበር። በግድግዳው ማዶ ስንት ዘመን ሲስቅ ኖሯል፤ ምን እያሳቀው ነበር?

ሰኞ ባቲ ሄድኩ። ያን ፎጣ እንደገና አንድ ቦንዳ ገዝቼ፣ ፈታ አድርጌ እያየሁት፣ ሽርጥ የሚገዛኝ የአፋር ግመል ነጋዴ ጎን ተቀመጥኩ። አፋር ሲገናኝ ወሬ ሳይለዋወጥ አይለያይም፤ ዳጉ ይሉታል። እንደ እኛ ሻይ ቤት ወሬ አይምሰላችሁ። ሕግ አለው፤ ዓይንህ ያየውንና ጆሮህ የሰማውን ለየብቻ ታስቀምጣለህ፤ የሰማኸውን ከማን እንደሰማህ ትናገራለህ። ያደባለቀ ሰው ቀጥሎ የሚሰማው አያገኝም። በረሃ ላይ የተደባለቀ ወሬ ውሃ ወደሌለበት ይወስዳላ።

"ዳጉ?" አለኝ።

"የማኅበር በሬ ጠፋ። ጎረቤቴ ታሰረ።"

"በሬውን ሲመራ ዓይንህ አየው?"

"አየው።"

"ዓይንህ ወይስ ጆሮህ?"

"ዓይኔ ነዋ! በጆሮው የሚያይ ሰው አለ እንዴ?"

"ከተማ ላይ ብዙ አለ" አለና በመፋቂያው ጥርሱን ፋቀ። "ምን ለብሶ ነበር?"

ስለ ጨርቅ ተጠይቄ አስቤ አላውቅም። "አረንጓዴ ፎጣ። ጫፉ ቢጫ። ከራሱ ላይ ጠምጥሞት" አልኩ፤ ከአፌ ከመውጣቱ በፊት እያየሁት።

እሱ ጉልበቴ ስር ያለውን ቦንዳ በበትሩ ነካ አደረገ። "እንደዚህ?"

"አዎ፣ እንደዚ..."

ቃሉን አልጨረስኩትም። የመጀመሪያዋን ቦንዳ እዚያው ባቲ ላይ የገዛኋት በሬው በጠፋ ማግስት ነው። እሁድ ዕለት ጎረቤቴ ራስ ላይ ያየኋት ፎጣ ያን ሰዓት ባቲ መጋዘን ውስጥ ታስራ ተኝታለች። ያላየሁትን አይቻለሁ። ያውም ጨርቅ! ስለ ሌላው ነገር ቢሆን ይሁን፤ ራስ ቅሌ ውስጥ ያለው በእንጀራዬ ላይ ቀለደብኝ።

ወደ ቤት ስመለስ መኪናው ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ያን ሰውዬ ጠራሁት። ወዲያው መጣ። ፎጣውን አውልቄ ነጭ አለበስኩት፤ ለበሰ። ቀይ አለበስኩት፤ ለበሰ። አብሮን የተሳፈረውን አንድ ወፍራም መምህር ፊት ሰጠሁት፤ ቅር ሳይለው ተቀበለ። እንዲህ የሚታዘዝ ምስክር ነው ሸንጎ ላይ ላቀርበው የነበረው! ያኔ ገባኝ፤ ዓይኔና እኔ ተገናኝተን አናውቅም። መሀላችን ደላላ አለ። ዓይን ያመጣችውንና ጆሮ የሰማውን ፎጣው ስር ያጨባብጣል፣ የጎደለውን ከራሱ ይሞላል፣ ከዚያ "ይኸው፣ ራስህ ያየኸው ነው" ብሎ ይሸጥልኛል። እኔም ሳልከራከር እገዛለሁ። በገበያ ሳልከራከር የገዛሁት ዕቃ ይሄ ብቻ ነው።

ረቡዕ የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። ሊቀመንበሩ መሀል ተቀምጧል፤ ካኪው ላይ ያቺኑ አረንጓዴ ፎጣ ጣል አድርጓል። ጎኑ ከደሴ የመጣ ካድሬ አለ፤ ብዙ አይናገርም፣ ብዙ ይጽፋል። ጎረቤቴ ቆሟል። ያለወትሮው ትከሻው ባዶ ነው።

የመጀመሪያው ምስክር "በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። አረንጓዴ ፎጣ ተከናንቦ፣ በሬውን ወደ ወንዙ ሲነዳ" አለ። ሁለተኛውም አረንጓዴውን ደገመ፤ ቢጫውን ጫፍ ጨመረ። ሦስተኛው እኔ ነኝ።

"ጓድ፣ አንተስ?" አለ ካድሬው።

"እኔም አይቼዋለሁ።"

ሚስቱ ከኋላ "ያ አላህ!" ስትል ሰማሁ።

"ፎጣውንስ?"

"አረንጓዴ፣ ጫፉ ቢጫ። ልክ ነው።"

"ሦስት ምስክር" አለ ካድሬው እየጻፈ።

"አንድ ነገር ብቻ ቸግሮኛል" አልኩ። "ፎጣዋ ያን እሁድ ከሚሴም ሰንበቴም አልነበረችም። ያመጣኋት እኔ ነኝ፤ የገዛኋት በማግስቱ ነው። ከቦንዳው የመጀመሪያዋ ደግሞ ትከሻዎ ላይ ናት፣ ጓድ ሊቀመንበር። መቼ እንደወሰዷት ከእኔ ይልቅ እርስዎ ቢናገሩ ይሻላል።"

ሊቀመንበሩ እጁን ትከሻው ላይ አደረገ፤ ፎጣው የተሰረቀ ይመስል። ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ቶሎ ብሎ ግን ወደ ሳል ለወጠው።

"ጓድ ሊቀመንበር?" አለ ካድሬው።

"እ... በገበያ ቀን ነው። አዎ፣ በሬው ከጠፋ በኋላ ነው።"

ካድሬው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ታዲያ አንተ ምን አየህ?"

"ጀርባ አየሁ። አቧራ አየሁ። ቀይ በሬ አየሁ። የቀረውን የሰማሁት ነው፤ ከየት ከተባለ ከሻይ ቤት።"

"ሦስታችሁም ዋሽታችሁ ነዋ!"

"የሚዋሽ ሰው ፎጣውን ያስተካክላል፣ ጓድ። እኛ ያየን መስሎናል።"

"ማነው እንዲህ በል ያለህ?"

"ጨርቄ።"

የመጀመሪያው ምስክር ብድግ ብሎ፣ "ወላሂ አይቼዋለሁ! ፎጣው ቢኖርም ባይኖርም አይቼዋለሁ!" አለ። ውሸታም አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው። ሰውዬው አልዋሸም። ከዚያ ቀን ሁሉ ያስፈራኝ ይሄ ነው።

ጎረቤቴን "ለጊዜው ይለቀቅ" አሉት። በዚያ ዘመን ሁላችንም የተለቀቅነው ለጊዜው ስለነበር ማንም ቅር አላለውም። ከዚያ ወዲያ አንድ የማላውቀው ሰው ከሱቄ ፊት ለፊት እየተቀመጠ ጨርቅ ሳይገዛ ጨርቅ ያይ ጀመር። ደብዛዛውን ጣቃ ዘረጋሁለት።

አንድ ጠዋት ጎረቤቴ ያቺን ፎጣ አጣጥፎ ይዞ መጣ።

"እንካ፣ ውሰዳት" አለኝ። "ከእኔ ቀድማ የምትሄድ ፎጣ አልፈልግም።"

ተቀበልኩት። አልሄደም።

"በአላህ እውነቱን ንገረኝ። በሬውን የወሰድኩት እኔ ይመስልሃል?"

"እስቲ ጀርባህን ስጠኝ።"

"ምን?"

"ዙርልኝ አልኩህ፣ አንተ ሰው።"

እየሳቀ ዞረ። ትክ ብዬ አየሁት። ያን እሁድ የወረደው ትከሻ ይሄ ነው ብል እችል ነበር፤ አይደለም ብልም እችል ነበር። ደላላዬ ሁለቱንም ለመሸጥ ተዘጋጅቶ ነበር።

"ምን አየህ?" አለኝ ሳይዞር።

"ፎጣ የሌለው ሰው።"

"አልሐምዱሊላህ" ብሎ ሄደ። ያልኩት በቅቶት ይሁን ሰልችቶት አላውቅም።

በሬው አልተገኘም። ፎጣዋን ምስማር ላይ ሰቀልኳት፤ የሚገዛትም አልመጣም። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ሰውዬው አረንጓዴውን ጠምጥሞ ወደ ቦርከና ይወርዳል፤ ፎጣዋ ያን ቀን ባቲ እንደነበረች ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ፣ አያወልቃትም። በግድግዳው ማዶ ጎረቤቴ ያስላል። ይሄን ግን አላየሁም፤ በጆሮዬ ነው የሰማሁት።