ሁለት ጊዜ የሞተው የአከራዬ ባል

ከሞጣ የወጣሁ ቀን ማታ ያደርኩት ቢቸና፣ አክስቴ ራህማ ቤት ነው። አክስቴ ሻንጣዬን ከፍታ "ይሄ ሁሉ ልብስ ምን ያደርግልሻል?" አለችና ግማሹን አውጥታ ሽሮና በርበሬ ሞላችልኝ። ሲነጋ እያለቀሰች ሚኒባስ ላይ ሰቀለችኝ። እኔ አላለቀስኩም። የጀርመንኛውን ፈተና በሁለተኛው ሙከራ አልፌ፣ ኤምባሲ ስመላለስ ከርሜ ያገኘሁት መንገድ ነውና ቶሎ መሄድ ብቻ ነበር የምፈልገው። አረጋውያን መንከባከብ እየተማርኩ ልሠራ ነው፤ ጀርመኖቹ አውስቢልዱንግ ይሉታል።

ይህን የምጽፈው "እስቲ የዚያን አገር ኑሮ ንገሪን" ለምትሉኝ ሁሉ ነው። በተለይ ግን ለአክስቴ ልጅ ለሃያት። ሰሞኑን ኢንተርኔት ላይ ገጸ ባሕርይ እያሳደጉ የሚዋጉበትን ጨዋታ ጀምራ፣ "ሞትኩ! ትልቁን ሰይፍ እንድገዛ ገንዘብ ላኪልኝ" ብላ ጽፋልኛለች። ሃያትዬ፣ አልልክም። ለምን እንደማልልክ ግን ልንገርሽ።

እዚህ እንደደረስኩ ለምዝገባ ቢሮ ሄድኩ። በዚህ አገር ቢሮ ሁሉም እንደ ትልቅ ሰው አንቱ ይሉኛል፤ አንቱ ይሉና እምቢ ይላሉ።

"የተወለዱበት ቤት ቁጥር?" አለኝ ጸሐፊው።

"ቁጥር የለውም።"

"የመንገዱ ስምስ?"

"ስም የለውም።"

"ታዲያ ፖስታ እንዴት ይደርስዎታል?"

"የሚያውቀን ሰው ይዞት ይመጣል።"

ብዙ ካሰበ በኋላ "ያልታወቀ" ብሎ ጻፈ። ሞጣ ገበያ የአባቴን የጨርቅ ሱቅ የማያውቅ ማን አለ? እዚህ ወረቀት ላይ ግን ያልታወቅን ሆንን።

የተከራየሁት ክፍል ሰባ ዓመት ካለፋቸው ፍራው ክራውዘ ከሚባሉ ሴት ቤት ነው፤ ፍራው ወይዘሮ ማለት ነው። ቤቱ በወረቀት የተለጠፈ ሕግ ብቻ ነው። መስኮት የሚከፈትበት ሰዓት፣ ቆሻሻ በአራት ዓይነት የሚለይበት፣ ደረጃ ቅዳሜ የሚጠረግበት። ሽሮ የሠራሁ ቀን በሬን አንኳኩ።

"ምንድን ነው የተቃጠለው?"

"ምንም አልተቃጠለም፤ ምሳዬ ነው።"

በማግስቱ ስለ ምሳዬ ደብዳቤ ደረሰኝ። ከአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን በፖስታ!

እኚህ ሴት በየቀኑ በእኛ አሥር ሰዓት ላይ ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣሉ። ደብዳቤ የሚጽፉ ይመስለኝ ነበር። ለካ ጨዋታ ነው። ባላቸው ዲተር ከሞቱ ዓመት ሊሆናቸው ነው፤ ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመት ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጫወቱ ነበር። የዲተር ገጸ ባሕርይ ጺሙ የሸበተ፣ በትር የያዘ ሽማግሌ ነው። አንድ ቀን ጠርተው በባላቸው ወንበር አስቀመጡኝና "አንቺ እሱን ያዥልኝ። አጠገቤ ይሂድ ብቻ" አሉኝ። ለቆሻሻው ያልነበራቸውን ትዕግሥት ሁሉ ለማስተማሩ አገኙት። እኔም፣ እውነት ለመናገር፣ ሰው አጠገብ ተቀምጬ የምስቅበት ሰዓት እሱ ብቻ ነበር።

ሃያት፣ ይህን ስሚ። በአንዳንዱ ጨዋታ ስትሞቺ መቃብሩ ጋ ትነሺያለሽ፤ ትጥቅሽ ትንሽ ይጎዳል፣ መንገዱን ትደግሚያለሽ፣ በቃ። የአንቺ እንደዚያ ነው፤ አታልቅሺ። በሌላው ግን አንዴ ከሞትሽ የለፋሽበት ሁሉ ይጠፋል። ከመጀመርሽ በፊት የትኛው እንደሆነ አረጋግጪ። ሰይፉንም አትግዢ። ሁለት ደረጃ ከፍ ስትዪ ከእሱ የሚበልጥ መንገድ ላይ ወድቆ ታገኚያለሽ። መግዣውን የሚያሳዩሽ ደግሞ ልክ ሞተሽ በተናደድሽበት ሰዓት ነው፤ ያን ጊዜ ስልኩን አስቀምጪና ውጪ።

የእነ ፍራው ክራውዘ ጨዋታ ሞቱ የማይመለስበት ነበር። አንድ መውጫ ብቻ አለ፤ በወደቅሽ በስልሳ ሰከንድ ውስጥ ኮምፒውተሩ ላይ የሚወጣውን ወርቃማ ቁልፍ ተጭነሽ ከከፈልሽ ትነሺያለሽ። ዲተር ግን በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ነገር ሳይገዙ ነው የተጫወቱት፤ ኩራታቸው ነበር። ስለዚህ ሴትዮዋ ኮምፒውተሩ ጠርዝ ላይ ወረቀት ለጥፈዋል፦ "ወርቃማውን ቁልፍ መጫን ክልክል ነው።"

አንድ ቀን ጨዋታው ውስጥ ድልድይ ላይ ቆመን ሳለ የቤቱ በር ተደወለ። ፖስተኛው ነበር። ሴትዮዋ ወርደው ስለ አንድ ጥቅል ሲጨቃጨቁ ተኩላዎች መጡ። የማውቀውን ሁሉ ተጫንኩ፤ የማላውቀውንም ተጫንኩ። ሽማግሌው ወደቀ። ወርቃማው ቁልፍ ወጣ፣ ቁጥሩ መቀነስ ጀመረ።

"ፍራው ክራውዘ! ፍራው ክራውዘ!"

"ቆይ!" አሉኝ ከታች።

ወረቀቱን አየሁ። ክልክል ነው። በዚያ ቤት በሦስት ወር አራት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የደረሰኝ ሰው ነኝ። እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ቁጥሩ ዜሮ እስኪሆን ተቀመጥኩ።

ሲመለሱ ወንበሩን ይዘው ቆሙ። "ለምን አልተጫንሽም?"

"ክልክል ነው ብለው ጽፈዋል።"

"እሱ ለሌላ ጊዜ ነው እንጂ!"

"ወረቀቱ እንደዚያ አይልም።"

ማልቀስ ጀመሩ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ከፍቼ ንዴት ቀደመኝ። እዚህ በመጣሁ በሁለተኛው ወር አባቴ ሞቷል። የዚያን ዕለት ስነግራቸው "አዝናለሁ" ብለው፣ ቅዳሜ ደረጃ የመጥረግ ተራ የእኔ መሆኑን አስታወሱኝ። ጠረግኩ። ለአባቴ ያልተገኘ እንባ ለሥዕል ወረደ! በሩን ወርውሬ ዘግቼው ወጣሁ፤ እሱም ክልክል ነው።

ሴትዮዋ ለጨዋታው ድርጅት ጻፉ። መልሱን አሳዩኝ፦ "ጥያቄዎ ተዘግቷል። አዲስ ገጸ ባሕርይ ሲጀምሩ ቅናሽ አለን። መልካም ጨዋታ!"

ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ድምፃቸው ጠፋ። ቆሻሻውም አልወጣም። ያኔ ፈራሁ። ምስር ወጥ ሠርቼ፣ እንጀራ የለምና በዳቦ ይዤ ገባሁ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ምንም። ልቀመጥ ነው።"

"እስከ መቼ?"

"እኛ ጋ ለቅሶ ሦስት ቀን ይቀመጡለታል።"

"ሦስት ቀን!" ብለው የግድግዳውን ካላንደር አዩ። ግን አላስወጡኝም። በልተው ሲጨርሱ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ "አባትሽ ስማቸው ማን ነበር?" አሉኝ።

"ሰይድ።"

"ዛይት" ብለው ደገሙት። ላርማቸው አስቤ አቃተኝ፤ ስለ አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስኩት ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ተዋደድን ማለቴ አይደለም። ትናንት ስለ ፕላስቲክ ቆሻሻው ደብዳቤ ደርሶኛል።

አርብ ለእናቴ ደወልኩ። ድምፄ ልክ አልነበረም መሰለኝ፣ "ማን ሞተ?" አለችኝ።

"የአከራዬ ባል።"

"ኢና ሊላሂ! ባሏ የሞተባት ናት አላልሽኝም ነበር? ሌላ አገባች እንዴ?"

"አይ እማ፣ ያው የድሮው ነው።"

"ልጄ፣ ትኩሳት አለብሽ?"

ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። "መቼ ነው የምትመጪው?"

"የመኖሪያ ፈቃዴ እስኪታደስ መውጣት አልችልም። ቴርሚን እየጠበቅሁ ነው።"

"ቴርሚን ማነው?"

"ቀጠሮ ማለት ነው።"

"እናትሽ ጋ ለመምጣት ቀጠሮ?"

ከጀርባዋ የዐስር ሶላት አዛን ሲጀምር "ቆይ፣ ሰግጄ ልመለስ፣ እንዳትዘጊው" አለችና ስልኩን እንደተከፈተ አስቀመጠችው። ምንጣፉን ስታነጥፍ ይሰማኛል። እኔም አልዘጋሁትም።