ጋሼ ቀድመው የሚሄዱባት መታጠፊያ

የታላቅ ወንድሜ የጋሼ አርባቸው ገና አልወጣም። እኔ ጽሕፈት ብዙም አይሆንልኝም፤ ይህን ግን ሳልጽፍ አላድርም።

ጋሼ ለከተማችን ኮሌጅ ኳስ ቡድን እንደ አባት ነበሩ። ልጆቹ ለግጥሚያ ወደ ኮኪት ከተማ ሲሄዱ እሳቸው ከሾፌሩ አጠገብ ይቀመጡ ነበር። መንገዱ ሰው ይታገትበታል። ጫካው የሚጠጋባት መታጠፊያ ጋ ሲደርሱ «አቁም!» ይሉና ወርደው ብቻቸውን ከፊት ይሄዳሉ። ደኅና ከሆነ ፎጣቸውን ያወዛውዛሉ፤ መኪናው ይከተላል።

«ኧረ ጋሼ፣ ቢይዙዎትስ?» ስላቸው፣

«ይያዙኝ! ይህን ሽማግሌ ይቀልቡት እስቲ!» ብለው ይስቃሉ።

ዘንድሮ ልጆቹ ሳይሸነፉ ለመጨረሻው ግጥሚያ ደረሱ። ባለፈው እሁድ በጋሼ ፈንታ እኔ አብሬያቸው ሄድኩ። የጋሼን መቀመጫ ማንም አልደፈረም፤ እኔም ከኋላ ተጫንኩ። መታጠፊያዋ ጋ ሾፌሩ ማንም ሳያዘው አቆመ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«አባባ፣ እንመለስ፤ ጨዋታው ይቅር» አለኝ አምበሉ።

«ዝም በል! ኳስ ልትጫወት አይደል የመጣኸው?» አልኩት።

ወርጄ ሄድኩ። ከመንገዱ ዳር ያለው ማሽላ በተንኮሻኮሸ ቁጥር ልቤ ልትወጣ ደረሰች። ጸሎቱም ጠፋኝ። መታጠፊያዋ ጫፍ ስደርስ ማንም የለም። ወደ ኋላ ዞሬ ፎጣዬን አወዛወዝኩ። ልጆቹ እጃቸውን እያወጡ ይጮኻሉ፤ ፊታቸው ግን ከዚያ ርቀት አይለይም።

ለካ ጋሼም ይፈሩ እንደሆነ ከመኪናው ፊታቸውን ያየ ማንም የለም።