የማይለቀው አረንጓዴ፦ ከቡታጅራ መርካቶ ደርሶ መልስ

ሐሙስ ማለዳ ከቡታጅራ ስነሳ ሻንጣ አልያዝኩም። የያዝኩት በጠርሙስ የተበጠበጠ ኖራ፣ የሻይ ማንኪያ፣ ጥቂት ጥጥና እህቴ ገነት በጋዜጣ የጠቀለለችልኝ የታይልስ ስባሪ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ጠርሙሱን አይተው «ወተት ነው?» አሉኝ። «ኖራ ነው» ስላቸው ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ።

ያስነሳኝ ያ ስባሪ ነው። ገነት ታናሽ እህቴ ናት፤ ጓሮዋ ውስጥ የሲሚንቶ ታይልስ ትሠራለች። በቅርቡ በዕድሜዋ ትልቁን ሥራ አገኘች። የሰፈራችን መስጊድ ከሶላት በፊት የሚታጠቡበትን የውዱእ ማድረጊያ ወለል በአረንጓዴ ታይልስ ሊያስነጥፍ አሰበ፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ ሐጂ ሙዘይንም «የኛው ልጅ ትሥራው» ብለው ለእሷ ሰጧት። ናሙናውን ሠራች። ከቅርጹ ሲወጣ ለምለም ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላው ግን የወፍ በሽታ እንደያዘው ዓይን ቢጫ ሆነ። ሐጂ አይተው «ልጄ፣ እስከ መጪው ረቡዕ ካልተስተካከለ ከአዲስ አበባ ግራጫ ታይልስ አዘን እናስነጥፋለን» አሏት። ግራጫው ከመጣ የሚሄደው አንድ ሥራ ብቻ አይደለም። «ቀለሟ የሚለቅባት ሴትዮ» የሚል ስም ይወጣላታል፤ ትንሽ ከተማ ውስጥ ደግሞ ስም ከሲሚንቶ ይበልጥ ይጠነክራል።

እኔ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። እህቴ ስታለቅስ አይቼ ከማዘኔ በፊት ስባሪውን አንስቼ ማሽተቴን እስከ ዛሬ ትነግርብኛለች።

መንገድ ላይ

ወሩ ኅዳር ነው። ከከተማው እንደወጣን በየደጁ የተሰጣው በርበሬ መንገዱን ከግራና ከቀኝ አቅልቶታል። ቡኢን፣ ጢያን እያለፍን ወደ መልካ ቁንጡሬ ስንወርድ የአጨዳ ሰው ማሳውን ሞልቶት ነበር። ልቤ ግን አረንጓዴ አረንጓዴውን ነው የሚያየው። አጠገቤ የተቀመጡት እናትም ጠርሙሱን በጎን እያዩ አላስቻላቸውም።

«ኖራው ለምንድን ነው?» አሉኝ።

አስተማሪን እንዲህ ብሎ የጠየቀ አዋሽን እስኪሻገር መልስ መስማቱ ነው። ገነት የገዛችው አረንጓዴ ዱቄት እውነተኛ አረንጓዴ አልነበረም አልኳቸው። ሰማያዊና ቢጫ ዱቄት ተቀላቅሎ ነው። ለእንጨት፣ ለበር ቢቀቡት ምንም አይሆንም። ሲሚንቶ ውስጥ ግን ኖራ አለ፤ ኖራው ሰማያዊውን ይበላዋል፣ ቢጫው ብቻውን ይቀራል። ያ ቢጫ ደግሞ እርሳስና ክሮሚየም ያለበት መርዝ ነው። ሰው አፉን በሚጉመጠመጥበት፣ በባዶ እግሩ በሚቆምበት ቦታ እንዴት ይነጠፋል?

«ወይኔ! ታዲያ የቱ ነው ደህናው?»

ደህናው ክሮሚየም ኦክሳይድ ነው። ነገሩ የሚያስደንቀኝ ሁሌም እዚህ ላይ ነው፦ ቢጫው ውስጥ መርዝ የሆነው ያው ክሮሚየም ነው። ሁለት ክሮሚየም ከሦስት ኦክሲጅን ጋር ተቃቅፈው ሲቀመጡ ግን ጠባዩ ይለወጣል፤ ድንጋይ ይሆናል። አሲድ አያሟሟውም፣ ኖራ አይነካውም፣ ፀሐይ አያገረጣውም፣ የሸክላ ምድጃ ገብቶ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። የአረንጓዴ ጠርሙስ ቀለም ከክሮሚየም ነው። ቢላዋና ብረት የሚያብለጨልጩበት አረንጓዴ ፖሊሽ እሱው ነው። የወታደር መኪናም ይቀቡበታል።

«ይሄ ሁሉ ሙያ እያለው ሰው ለምን አይገዛውም?»

«ደብዛዛ ነዋ፣ እናቴ!» አልኩ፤ ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ።

መርካቶ

አየር ጤና ወርጄ በታክሲ ራጉኤል ደረስኩ። ቁርስ ስላልቀመስኩ ከመንገድ ዳር ሻይና ሁለት ፓስቲ በሃምሳ ብር በላሁ። ከዚያ በጆንያ ተሸካሚና በጋሪ መሀል «ዞር በል! ዞር በል!» እየተባልኩ ሶማሌ ተራን አልፌ ቀለም የሚሸጥበት መደዳ ገባሁ።

የመጀመሪያው ሱቅ ባለቤት ወጣት ነው፤ ምላሱ ከእጁ ይፈጥናል።

«ጋሼ ምን ነበር?»

«አረንጓዴ ኦክሳይድ። ለሲሚንቶ።»

«አለ! ኦርጅናል!» ብሎ ዓይን የሚወጋ አረንጓዴ አወጣልኝ።

«ከዚህ የደበዘዘ የለም?»

ትክ ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ ሰው የሚደምቅ ነው የሚፈልገው እኮ።»

«እኔ አስቀያሚውን ነው የምፈልገው።»

«ሰማህ?» ብሎ ወደ ጎረቤት ሱቅ ጮኸ። «አስቀያሚ አለህ?»

በደቂቃ ውስጥ መደዳው ሁሉ ሰማ። የመርካቶ ነጋዴ ዕቃው ባይኖረው እንኳ የለም አይልም፤ «ቁጭ ይበሉ፣ ላምጣልዎ» ብሎ ከሌላ ሱቅ ያመጣል። ከየአቅጣጫው አረንጓዴ በላስቲክ እየታሰረ መጣልኝ። ባዶ ካርቶን ገልብጬ እንደ ጠረጴዛ አደረግኩና የእያንዳንዱን ጫፍ በማንኪያ ቆንጥሬ በኖራዬ ለወስኩ።

ትንሽ ቆየ። የወጣቱ አረንጓዴ ከጠርዙ ጀምሮ ቡናማ፣ ቀጥሎ ቆሻሻ ቢጫ መሆን ያዘ።

«ለቀቀ!» አለ አንድ ተሸካሚ ጆንያውን ትከሻው ላይ እንዳለ።

«አዋራጅ!» አለ ጎረቤትየው ለወጣቱ። «የኔን ይሞክሩት ጋሼ!»

የሱም ለቀቀ። ሰው ከበበን። አንዱ «ሦስተኛው ይቆያል» ብሎ ከጓደኛው ጋር በሻይ ተወራረደ። የገዛ ተማሪዎቼ እንዲህ ተጋፍተው ሙከራ አይተውልኝ አያውቁም፤ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም ለቀቁ። ወጣቱ ተናዶ «ኖራዎ ውስጥ ምን አለ?» ብሎ ጠርሙሱን ቀምቶ አሸተተ፤ አስነጠሰውና ሰው በሳቅ ፈረሰ።

ስድስት ሰዓት ገደማ ግን ሳቁ ከኔ ራቀ። ማንኪያ የነካው አረንጓዴ ሁሉ ካርቶኑ ላይ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። ገነት ስትደውል ከከበበን ሰው መሀል ወጥቼ አነሳሁት። «አገኘህ፣ ወንድም ጋሼ?» ስትል ድምፅዋ ውስጥ ልመና ነበረ። «እየተገኘ ነው» አልኳት። ውሸቴን ነበር።

የጋሽ ነስሩ ሱሪ

ከመደዳው ጫፍ ላይ ያሉት ሽማግሌ ቀለም ሻጭ ጋሽ ነስሩ ይባላሉ። እስከዚያ ድረስ ከሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠው ከሩቅ ነበር የሚያዩን። ግርግሩ አላሳይ ሲላቸው ተነሡና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ በሰው ትከሻ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ። ያኔ ነው የሱሪያቸውን መቀመጫ ያየሁት። ግራጫው ሱሪ ከኋላው ደብዛዛ፣ ከወይራ ቅጠል የሚቀራረብ አረንጓዴ ነው።

ሰው ይቅርታ ያድርግልኝና ጎንበስ ብዬ ተመለከትኩ።

«ምን ሆነሃል አንተ?» አሉ ዞር ብለው።

«ጋሽ ነስሩ፣ ሱሪዎን ምን ነካው?»

ሳቁ። «ተወው ይሄን። ባለቤቴ በሳሙና ብትል፣ በበረኪና ብትል፣ ፈቀቅ አላለም። ‹ወይ ሱሪውን ወይ ሱቁን ተው› ትለኛለች።»

በረኪና ያልነካው! «የት ነው የተቀመጡበት?» አልኩ፤ ድምፄ ሳላውቀው ጮኾ ነበር።

በሩ ስር ያለውን ጆንያ አሳዩኝ። ያዘዘው ሰው ከዓመታት በፊት መጥቶ ሲያየው «ይሄማ አፈር ነው» ብሎ ጥሎት ሄደ። ሌላም የሚገዛ ጠፋ። እሳቸው ታዲያ ካርቶን ጣል አድርገውበት ወንበር አደረጉት። ዱቄቱ በቀዳዳው እየተነነ ሱሪያቸው ላይ ሰፈረ።

ከጆንያው ቆንጥሬ በኖራ ለወስኩት። ትንሽ ጠበቅን። ምንም አልሆነም። ሌላ ቆንጥሬ በማንኪያ አድርጌ መደዳው ዳር ሻይ የምታፈላ ሴት ከሰል ላይ አጋልኩት። ሲቀዘቅዝ ያው ነው። የቀረኝ ፈተና ከሁሉም ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ነበር፦ በውሃ የሚሟሟ መርዘኛ ቢጫ ወንድሙ ተደባልቆበት ከሆነ የፈላ ውሃ ውስጥ ይወጣል። ሻይ ሻጯ ሙቅ ውሃ ሰጠችኝ። ዱቄቱን በደንብ አማስዬ በጥጥ ላይ ወደ ፕላስቲክ ጠርሙስ አጠለልኩት፤ አንዴ አልበቃኝም፣ ደገምኩት። ቢጫ ጠብታ ከታየ ሁሉም ነገር አበቃ ማለት ነው። ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አነሳሁት። ውሃው ጥርት ብሎ ታየ።

«አልለቀቀም!» አለ ወጣቱ ከሁሉ ቀድሞ፤ የራሱ ዕቃ ያሸነፈ ይመስል እጁን አጨበጨበ።

«አሁን ገዢ መሆንህ ነው?» አሉ ጋሽ ነስሩ።

«በሙሉ ነው የምወስደው።»

«ወላሂ፣ ስንት ዓመት የተቀመጥኩበትን! እኔስ ምን ላይ ልቀመጥ?»

በዋጋው ትንሽ ተጨቃጨቅን፤ እሳቸው ወረዱ፣ እኔ ወጣሁ። ከላዩ ግን አንድ የፕላስቲክ ወንበር ካልመረቅክ አልሸጥም አሉ። ወጣቱ ሮጦ ሄዶ ሰማያዊ ወንበር አመጣ፤ የሱን ዋጋ ከፈልኩ። ጋሽ ነስሩ ተቀምጠው ሞከሩት። «ይሄ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው» አሉ። «ለምንድን ነው የምትፈልገው ግን?»

ለመስጊድ ውዱእ ማድረጊያ መሆኑን፣ የገነትንም ነገር ነገርኳቸው። ጆንያውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉት። «እንግዲህ እግር ይርገጠው፤ የኔ ቂጥ ይበቃዋል።»

መልስ

ፉል በዳቦ በልቼ፣ ጆንያውን በተሸካሚ አስይዤ አመሻሽ ላይ ቡታጅራ ገባሁ። የሚኒባሱ ረዳት ለጆንያው እንደ አንድ ሰው አስከፈለኝ፤ ይገባዋል ብዬ ከፈልኩ። ገነት በር ላይ ቆማ ነበር። ጆንያውን ፈታች፣ ዱቄቱን በጣቶቿ አሸችው፣ ፊቷ ግን አልበራም።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

«ምንም አያምርም፣ ወንድም ጋሼ።»

«አይለቅም።»

አርብ ከነጭ ሲሚንቶ ጋር ደባልቃ ቀረጸችው፤ እስኪጠነክር በእርጥብ ጆንያ ሸፈነችው። ረቡዕ ጠዋት አውጥታ ፀሐይ ላይ አደረቀችው፣ በጨርቅ ወለወለችው፣ ጓሮ ካለው ቧንቧ ስር ደረደረችው።

«እርጥቡን ብናሳያቸውስ? ያምር ነበር» አልኳት።

«እርጥብ ነገር ሁሉ ያምራል። ደርቆ ይዩት። ማታለል አልፈልግም።»

ሐጂ ሙዘይን ከሰዓት መጡ። ጎንበስ ብለው ታይልሶቹን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ። እኔ ስለ ኖራው፣ ስለ እሳቱ፣ ስለ ጥጡ አስረዳሁ። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ጥንካሬውን አምኛለሁ» አሉ። «ግን ልጄ፣ ይሄ አቧራ የጠጣ ነው የሚመስለው። ሰው አረንጓዴ ብሎ ነው ገንዘብ ያዋጣው። ኮሚቴውን ምን ልበል?»

ገነት ቁጢጥ ብላ የታይልሱን ጠርዝ በአውራ ጣቷ ታሻለች። መርካቶን በሙሉ ያስጨበጨብኩት ሰውዬ እህቴን ከንቱ ተስፋ አስያዝኳት ብዬ አፈርኩ።

የዐስር ሶላት አዛን ተሰማ። ሐጂ «እስቲ ውዱእ ላድርግ» ብለው ጫማቸውን አወለቁ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ቧንቧው ስር ቁጢጥ አሉ። እጃቸውን ታጠቡ፣ ተጉመጠመጡ፣ ፊታቸውን፣ ክንዳቸውን አራሱ። ውሃው እየወረደ ታይልሶቹን ሸፈናቸው። ቀኝ እግራቸውን አጥበው ግራውን ሲያነሱ ቀና ሳይሉ ቆም አሉ። ከእግራቸው ስር ያለው ወለል ዝናብ ሲዘንብበት እንዳደረ የእንሰት ቅጠል ጠቁሮ ለምልሞ ነበር።

«ይሄ ያው ነው?»

«ያው ነው፣ ሐጂ» አለች ገነት። ዕድሏን በገዛ አፏ ልታበላሽ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። «ግን ልንገርዎት፤ ውሃ ስለነካው ነው። ሲደርቅ ወደ ነበረበት ይመለሳል።»

ሐጂ ግራ እግራቸውን በዝግታ ታጥበው ጨረሱ። ከዚያ ቀና ብለው አዩዋትና ሳቁ።

«አዪ ልጄ፣ እኛ እዚያ የምንቆመው መቼ ደርቆ ነው?»

በዚያ ሁሉ መንገድ ኖራው ምን እንደሚያደርገው፣ እሳቱ ምን እንደሚያደርገው ስጠይቅ ከርሜ፣ ወለሉ ላይ ዕለት ተዕለት የሚፈሰው ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም ነበር። ትልቁ ትምህርቴ ይኸው ነው። ሐጂ ጫማቸውን ይዘው በባዶ እግራቸው ወደ በሩ እየሄዱ «ሰኞ ጀምሪ» አሏት። ገነት እርጥቡ ታይልስ ላይ እንዳለች ቁጭ አለችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ ስትነሳ ቀሚሷ ከኋላው ረጥቦ ነበር፤ አረንጓዴ ግን አልነካውም።