የዶክተሯን ኖታ ስገልጥ

ከገበያ ዕቃ ዝርዝር በቀር እስከ ዛሬ ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ሰው በተሰበሰበበት መናገር ስለማልወድ፣ መጻፉ ይሻለኛል ብዬ ነው የጀመርኩት።

ቆቦ ውስጥ ጡረታ የወጡ አንዲት ዶክተር ቤት በሳምንት ሦስት ቀን አጸዳለሁ። ዶክተሯ ሕክምና የተማሩት ሩሲያ ነው፤ ፒያኖም የለመዱት እዚያው ነው። ሳሎናቸው ያለው ፒያኖ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ፣ በሁለት ፍራሽ መሀል ሆኖ የመጣ ነው። የቆላው ሙቀት እንጨቱን እንዳይሰነጥቀው ከሥሩ ውኃ በሳህን ይቀመጣል። በሄድኩ ቁጥር ሳህኑን መሙላት የኔ ሥራ ነው።

የሚጫወቱት የሩሲያ ሙዚቃ ነው፤ ዘፋኝ የለውም። "እዚያ አዳራሽ ውስጥ ብቻ አይደለም የሚሰማው" ይሉኛል። "ውጭው በረዶ ሲሆን አሥር አሥራ አምስት ሰው አንዱ ቤት ይሰበሰባል። ሁለት ሦስቱ ይጫወታሉ፣ ሌላው ዝም ብሎ ይሰማል።" እሳቸውም ቆቦ ላይ እንደዚያው ያደርጋሉ። ቫዮሊን የሚጫወቱት ጋሼ፣ የድሮ የጦር ሠራዊት ሙዚቀኛ ናቸው፤ ከዋጃ በሚኒባስ ይመጣሉ። ጎረቤት ይጠራል፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ምንጣፉ ላይ ይቀመጣል።

ባለፈው ዓመት ግን ዶክተሯ ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። ሁለት ጊዜ እንግዳ ፊት መሀል ላይ ኖታው ጠፍቶባቸው አቆሙ። በሁለተኛው ጊዜ ሰው ከሄደ በኋላ፣ "አንድ ጊዜ ብቻ እሞክራለሁ። አሁንም ካቆምኩ፣ ፒያኖውን ልጄ መጥቶ አዲስ አበባ ይውሰደው" አሉ። ሲጫወቱ ከሙዚቃው ውስጥ መጥረጊያዬን ይዤ ቆሜ የምሰማቸው ቦታዎች ነበሩ፤ እነሱም አብረው ሊሄዱ ነው ብዬ አሰብኩ።

ኖታውን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ፣ ጎልቶ እንዲታያቸው በትልቅ ወረቀት አስባዛሁት። ባለቤቱ ወረቀቱን አገላብጦ፣ "ይኼ ጽሑፍ ነው ጉንዳን?" አለኝ። ሙዚቃው ሦስት ክፍል አለው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ አሥራ ሁለት ወረቀት ሆኑ። ዶክተሯ እየተጫወቱ ይህን ሁሉ መግለጥ ስለማይችሉ፣ "አንቺ ትገልጪልኛለሽ" አሉኝ።

"እኔ ኖታ አላነብም፣ ዶክተር።"

"ጆሮ አለሽ አይደል? ራሴን ስነቀንቅ ትገልጫለሽ።"

"ሰው ፊት?"

"ሰው የሚያየው እኔን ነው። አንቺን ማን ያይሻል?"

አንድ ወር ተለማመድን። አራተኛው ወረቀት መጨረሻ ላይ ወፍራም መስመርና ሁለት ነጥብ አለ። እዚያ ሲደርሱ ወደ ሁለተኛው ወረቀት ተመልሰው ያንኑ ይደግሙታል። አምስተኛው የሚገለጠው ከደገሙት በኋላ ነው። ይህን ያዝኩ፤ የቀረውን በጆሮዬ ያዝኩት።

ቀስ የሚለውን ሁለተኛውን ክፍል ዶክተሯ በጣም ይደጋግሙት ነበር። አንድ ቀን አንዲት ሴት ጎረቤታችን ጥቁር ሻሽ አስረው በር ላይ ቆሙ።

"ማን ሞቶባችሁ ነው?"

"ኧረ ማንም አልሞተም" አልኳቸው።

"ታዲያ ሬዲዮናችሁ ምነው? ድሮ ትልቅ ሰው ሲሞት ነበር እንዲህ የሚለው!"

ዶክተሯ ከውስጥ ሰምተው፣ "እኔ ነኝ! ቅዳሜ መጥተሽ ስሚ!" አሉ።

"አንቺ ነሽ? አላህ ይቅር ይበልሽ! እኔ እኮ ስንት ሰው እየቆጠርኩ መጣሁ!"

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሥራ ሁለት ሰው መጣ። ቬንቲሌተሩ ወረቀቱን ስለሚያነሣው አጠፋነው፤ ሰው በካርቶንና በሻሹ ራሱን እያራገበ ተቀመጠ። እኔ ከዶክተሯ አጠገብ፣ ጀርባዬን ለእንግዶቹ ሰጥቼ በርጩማ ላይ ነበርኩ። ላቤ ወረቀቱን እንዳያረጥብ እጄን ቀሚሴ ላይ እጠርጋለሁ።

እስከ አራተኛው ወረቀት ደህና ሄደ። መጨረሻው ላይ ዶክተሯ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እኔም ወደ ሁለተኛው መለስኩ። ጋሼ ግን ኖታ አያዩም፣ በቃላቸው ነው የሚያውቁት። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሳይደግሙ ወደ ፊት ቀጠሉ። ሁለቱ የተለያየ ቦታ ሆኑ። እንግዶቹ አላወቁም፤ ጎረቤታችን እንዲያውም ራሳቸውን ይወዘውዛሉ። ዶክተሯ ወረቀቱ ላይ ተጠግተው ይፈልጋሉ፤ ጋሼ የሚጫወቱት ግን እዚያ ወረቀት ላይ የለም። የዶክተሯ ቀኝ እጅ ከፒያኖው ቁልፎች ተነሣ። በግራቸው ብቻ ጥቂት ነካኩ።

ጋሼ የደረሱበትን አውቀዋለሁ። ቫዮሊኑ ወደ ላይ ወጥቶ ወጥቶ የሚቆምበት ነው፤ አምስተኛው ወረቀት፣ ሦስተኛው መስመር። ዶክተሯ ሳይነቀንቁ እስከ አምስተኛው ገለጥኩና ጣቴን መስመሩ ላይ አደረግኩ። በሹክሹክታ ብነግራቸው አልሰሙኝም።

"እዚህ! እዚህ ናቸው፣ ዶክተር!"

ጮኼ ነው ያልኩት። ጋሼ ዓይናቸውን ገለጡ። የሚያራግበው ሰው ሁሉ እጁን አቆመ። ዶክተሯ ጣቴ ያለበትን አዩ፣ ትንሽ ጠበቁና ገቡ። ከዚያ በኋላ ቀስ የሚለውንም ጨምሮ እስከ አሥራ ሁለተኛው ወረቀት አልቆሙም። እኔ የመጨረሻዎቹን የገለጥኩት ምንም ሳልሰማ፣ ራሳቸውን ሲነቀንቁ እያየሁ ነው፤ ጆሮዬ ውስጥ የራሴ ጩኸት ብቻ ነበር።

ሰው አጨብጭቦ ሲያበቃ ጋሼ፣ "ጥፋቱ የኔ ነው፤ ድግሙን ረሳሁት" አሉ።

"መቼ አስታውሰኸው ታውቃለህ?" አሉ ዶክተሯ።

ጎረቤታችን ደግሞ ወደ እኔ ዞሩ። "ይቺ ልጅ አፍ አላት እንዴ? እኔ ዲዳ መስላኝ ስንቱን ምሥጢር ፊቷ አወራሁ!"

ሁሉም ሳቀ። ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ ወደ ማድ ቤት ሸሸሁ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ምንጣፉን ጠረግኩ። ዶክተሯ ሶፋው ላይ ጋደም ብለው ጣቶቻቸውን እያሻሹ ነበር። ልጃቸው ፒያኖውን ሊወስድ ይመጣ እንደሆነ ልጠይቃቸው ፈልጌ ተውኩት። ነጠላዬን ለብሼ በሩ ጋ ስደርስ ጠሩኝ።

"ሦስተኛውን ክፍል በሚቀጥለው ወር እንጫወታለን" አሉኝ። "ፈጣን ነው፤ ሰኞ ቀደም ብለሽ ነይ።"