ግማሽ ኩባያ ሻይ

ከጃፓኗ የኩሬ ከተማ ወደብ ማዶ ወዳለ ደሴት በምትመላለሰው ጀልባ ላይ ትኬት የምትቆርጠው ቺዙሩ ዘወትር የሚሳፈሩትን ሽማግሌ ስም አታውቅም። ኮፍያቸው የባሕር ኃይል ነው፤ አርማው ተነቅሎ የክሩ ምልክት ብቻ ቀርቷል። ባዶ ወንበር ሞልቶ ሳለ የሞተሩ ክፍል ግድግዳ ጋ ይቆማሉ፤ ትኩሳት እንደሚለካ ሰው መዳፋቸውን ብረቱ ላይ ያሳርፋሉ። ከእሷ የሚገዙትን የገብስ ሻይ ግማሹን ጠጥተው ግማሹን ባሕር ውስጥ ይደፉታል።

ዛሬ ጀልባዋ ስለዘገየች ካፒቴኑ ሞተሩን አስጓራው።

«አባባ፣ ዛሬስ እየበረርን ነው!» አለቻቸው።

«ነዳጁን ይፈጀዋል» አሉ በደከመ ድምፅ። «ፍጥነት ጥቂት ከጨመርሽበት እጥፍ ይበላል። የጦር መርከብ ሞተረኛ ሳለሁ፣ የሰጠመ መርከብ ሰዎችን ልናወጣ ስንሄድ፣ ‹ቀስ እንበል፣ መመለሻ አይኖረንም› ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ተመለሳችሁ አይደል?»

«እኛማ ተመለስን። ነዳጅም ተርፎን ነበር። ውሃው ላይ ሆነው ሲጠብቁን የነበሩት ግን ስንደርስ አልነበሩም።»

ይህን ብለው የተረፈውን ሻይ ቀስ አድርገው ባሕሩ ላይ አፈሰሱት። ቺዙሩ እስከ ዛሬ ሻይዋ አይጥማቸውም ብላ ታስብ ነበር።